ለሚመለከታችሁ ሁሉ፦ ቦታውን ከመስጠታችሁ በፊት ፌርማታውን ትከሉልን

ይድረስ ድሬዳዋ ላይ መሬት ለምትሰጡ፣ መንገድ ለምትሠሩ፣ የታክሲና የባጃጅ መስመር ለምትመድቡ።

ሰላም ነው? እንደምታውቁት ድሬ ላይ አንቱታ አይሠራም። ሽማግሌውንም ሹሙንም «አንተ» እያልን ነው ያደግነው። እንግዳ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ሲከርም ራሱ ይጀምረዋል። እኔም በዚሁ አንደበቴ ነው የምጽፍላችሁ፤ «እናንተ» የምላችሁ ሦስት ቦታ ስለተከፈላችሁ ብቻ ነው።

ሦስት ቦታ መከፈላችሁ ነው ደግሞ ያስጻፈኝ። ባለፈው ዓመት አንዲት ጥያቄ ይዤ ሦስት ደጅ ረገጥኩ። የማን ደጅ እንደሆነ አልናገርም፣ ሰው ማሳጣት አልፈልግም። ጥያቄዬ ቀላል ነበር፦ ከመልካ ጀብዱ መንገድ ገባ ብሎ ለተሠራው የማኅበር ቤታችን ታክሲ የት ነው የሚቆመው? የመጀመሪያው ሰውዬ «እኛ ቦታ ነው የምናስረክበው፣ ታክሲ አይመለከተንም» አለኝ። ሁለተኛው «አስፋልቱን እንሠራለን፣ ማን እንደሚቆምበት ግን እኛን አትጠይቀን» አለኝ። ሦስተኛው ደግ ሰው ነበር፣ አስቀምጦ አናገረኝ። «ሰው ሲበዛ መስመር ይከፈታል» አለኝ። ሰው የሚበዛው እኮ መስመር ሲከፈት ነው አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወጥቼ በኮንትራት ባጃጅ ቤቴ ገባሁ።

መንገዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ለምታውቁትም ላስታውሳችሁ (መስታወት ዘግቶ ኤሲ ከፍቶ የሚያልፍ ሰው መንገዱን አውቀዋለሁ ባይል ይሻላል)። ከመሃል ከተማ እስከ መልካ ጀብዱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በዚያ በኩል ነው። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው ነፃ የንግድ ቀጠናም እዚያው ነው። አዲሱ የባቡር ጣቢያም ከከተማ ወጥቶ በዚያው አቅጣጫ ተተክሏል። ማለትም የከተማዋ አዲስ እንጀራ ያለው በዚህ መንገድ ነው። ግራና ቀኙን ስታዩ ግን መጀመሪያ ረጅም አጥር ታያላችሁ። ቀጥሎ ጎሚስታ። ከዚያ የቆመ የጭነት መኪና፣ ከሥሩ የተኛ ረዳት፣ የቆርቆሮ ሻይ ቤት፣ ብረቱ የገጠጠ ጅምር ፎቅ። ከዚያ ባዶ ሜዳ። ከዚያ ደግሞ ሌላ አጥር።

ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ በእግር 25 ደቂቃ ይፈጃል። ርቆ አይደለም። በቀጥታ ቢኬድ 10 ደቂቃ አይሞላም፣ ግን መሃል ላይ የአንድ መጋዘን አጥር ተጋድሟል። በዚህ በኩል በር የለው፣ መሿለኪያ የለው፤ ዞሮ መሄድ ነው። ያንን ቦታ የለካው ሰው ከጀርባው ሰው እንደሚሰፍር አያውቅም ነበር፣ ወይ ያውቅና አልተጠየቀም። መጋዘኑን አልቀየምኩትም፤ የተሰጠውን ቦታ ነው ያጠረው።

አሁን ደግሞ የድሬን ፀሐይ ጨምሩበት።

የአዲስ አበባ መሐንዲስ ሲያቅድልን ሁልጊዜ የሚረሳው አንድ ነገር አለ። የድሬ ሰው ቀን ሁለት ነው። ጠዋት ይሠራል፣ ቀትር ላይ ቤቱ ይገባል፣ ምሳውን በልቶ የሚተኛው ተኝቶ፣ የሚቅመውም ቅሞ፣ ሙቀቱ ሲበርድ ወደ 10 ሰዓት ግድም ከተማው እንደገና ይነሳል፣ ሱቅ ይከፈታል፣ እስከ ምሽት ይሞቃል። ስለዚህ ሌላ ከተማ ሰው በቀን ሁለቴ ታክሲ ይሳፈራል፣ ድሬ ላይ አራቴ ነው። ባለቤቴ ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ድሮ ነምበር ዋን ሰፈር ተከራይተን ስንኖር ቀትር ላይ በእግሯ ቤት ትገባ ነበር። ልጆቹን ታበላለች፣ ጎኗን ታሳርፋለች፣ ትመለሳለች። አሁን የራሳችን ቤት ባለቤት ሆነን፣ እሷ ቀትሩን እዚያው ገበያ ውስጥ ጆንያ ላይ ጋደም ብላ ታሳልፋለች። አራቴ መሳፈር ትርፏን ይበላዋላ! ልጆቹን ጎረቤት ነው የሚያበላልን። የቤት ባለቤትነት እንዲህ ነው እንዴ አቦ?

ድሬ እንዲህ ሆና አልተወለደችም።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ ግን ለዚህ ጉዳይ ስለሚጠቅም ልመልሳችሁ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ሐረር ግን 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ እዚህ ሜዳው 1,200 ገደማ ነው። ተራራው ከበደ፣ ወጪው ናረ፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እኛው ሜዳ ላይ ቆመ። ስሙንም መጀመሪያ አዲስ ሐረር አሉት። የዚያን ጊዜዎቹ ሰዎች ጣቢያውን ተክለው ዝም አላሉም። ከፊቱ የከዚራን ሰፈር መንገዶች ቀጥ ቀጥ አድርገው አወጡ። ወርክሾፑን አጠገቡ አደረጉት። የሠራተኛውን ቤት ከወርክሾፑ አጠገብ። ዛፍ ተከሉ። አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር፤ የጠዋቱ ፊሽካ ሲነፋ እሱ ገና ሻዩን ይጠጣ ነበር፣ ያንን ጠጥቶም ይደርሳል። ቀትር ላይ በጥላ ሥር እያፏጨ በብስክሌት ይመጣል። ፈረንሳዮቹ ለእኛ አዝነው አይደለም እንዲህ ያደረጉት። ባቡር ያለ ሠራተኛ፣ ሠራተኛ ያለ ቤት፣ ቤት ያለ ገበያ እንደማይሠራ ስለገባቸው ነው። መሬቱንና ትራንስፖርቱን የሚያየው አንድ ዓይን ነበር። እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣብን ኩራታችን ምኑን ማሳየት ነው? ከዚራን።

አዲሱ ባቡር ሲመጣ ግን ጣቢያው ለብቻው ሄደ። በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ በ2010 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ፣ እሰየው፣ ተደስተናል። የባቡሩ ሰዎች ጣቢያውን ውጭ ለምን እንዳደረጉት ይገባኛል፣ ሐዲዱ ሰፊና ፈጣን ነው፣ ከተማ መሃል ማስገባት ቤት ማፍረስ ነው። የማይገባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጣቢያ ከከተማ ከወጣ ወይ ከተማው ወደ ጣቢያው ይሄዳል ወይ አውቶቡሱ ያገናኛቸዋል። አምና እህቴ ከአዲስ አበባ በባቡር መጥታ ልቀበላት ሄድኩ። ከጣቢያው በር ስትወጣ ዙሪያዋን አየችና «ድሬ የት አለች?» አለችኝ። ወደፊት ናት አልኳት። ባጃጁ ዋጋ ሲነግረን «ባቡሩ ይሻል ነበር» ብላ ቀለደች።

እና የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። በዚህ መንገድ ላይ ከዛሬ በኋላ አንድ ካሬ ሜትር ከመስጠታችሁ በፊት ሦስታችሁ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡና በካርታው ላይ ፌርማታዎቹን ምልክት አድርጉ። አውቶቡስ ባይኖርም። ገና ለገና ለአሥር ዓመት ባይመጣም። ፌርማታው የት እንደሚሆን ከታወቀ የቀረውን ነገር ሁሉ እሱ ይመራዋል። ሰው በአምስት ደቂቃ 400 ሜትር ገደማ ይራመዳል፤ በእኛ ሙቀት ከዚያ በላይ አታስቡት። በዚያ 400 ሜትር ውስጥ ፎቁ ከፍ ይበል። ኮንደሚኒየም የሚሠራ ከሆነ እዚያ ይሠራ፣ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጉሊቱ እዚያ ይሁን። ምድር ቤቱ ሱቅ ይሁን እንጂ አጥር አይሁን። ብዙ ቦታ የሚበላውና ጥቂት ሰው የሚያስገባው መጋዘን፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የብሎኬት ማምረቻ ከዚያ ራቅ ይበል። እሱ የሚፈልገው የመኪና መግቢያ ነው፣ እግረኛ አይፈልግም። አሁን ግን የተገላቢጦሽ ነው የሆነው፦ መጋዘኑ አስፋልት ዳር ነው፣ ሰው ከጀርባው።

ሲለካም በየመቶ፣ በየመቶ ሃምሳ ሜትሩ መተላለፊያ ይተው። ጠባብ ቢሆንም፣ ሁለት ሰውና አንድ አህያ የሚያሳልፍ ይበቃል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ። መንገዱ ክንድ ከስንዝር ነው፣ ግን ከየትም ወደ የትም ታቋርጣላችሁ። እኔ 25 ደቂቃ የምዞረው በዚያች አንዲት መተላለፊያ እጦት ነው።

የምቸኩለው በሊዝ አዋጁ፣ በ721/2004፣ የመኖሪያ ቤት ቦታ የሚሰጠው ለ99 ዓመት ስለሆነ ነው። አስፋልት ቢበላሽ ይቆፈራል፣ የታክሲ መስመር ቢበላሽ በደብዳቤ ይቀየራል። የተሰጠ ቦታ ግን የልጅ ልጅ ነው የሚወርሰው፣ ስህተቱንም አብሮ።

ገንዘብ ከየት ይምጣ እንደምትሉ አውቃለሁ። መልሱን አንድ ደላላ ነው የነገረኝ። እኛ ቤት አካባቢ «አስፋልት ሊገባ ነው» የሚል ወሬ በተሰማ በሳምንቱ የሜዳው ዋጋ ጨመረ። አስፋልቱ አልገባም፣ ወሬው ነው የገባው። ደላላውን ጫት ቤት በር ላይ አግኝቼው ምን ተፈጠረ ስለው «መንገድ ሲመጣ መሬት ይወልዳል» አለኝ። እኔም አሰብኩት። የወለደችው በማን ገንዘብ ነው? በሕዝብ ገንዘብ። ልጁን የሚወስደው ማን ነው? ቀድሞ ያጠረው። ስለዚህ ፌርማታው አስቀድሞ በካርታ ላይ ይውጣ፣ ይለጠፍ፣ ሁሉም ይየው። ከፌርማታው አጠገብ ለንግድ የሚወጣው ቦታ የሊዝ መነሻ ዋጋው ከፍ ይበል። ያ ብልጫ ገንዘብ ደግሞ ወደ ትልቁ ቋት ገብቶ አይጥፋ፤ ለዚያው መንገድ ጥላ፣ የእግረኛ መሄጃና አውቶቡስ ይመለስ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ እንዳትገቡበት እለምናችኋለሁ። ፌርማታው ጥግ ያለው ቦታ በሙሉ በጨረታ ብቻ ከሄደ የሚገዛው ባለገንዘብ ነው። ባለገንዘብ ደግሞ መኪና አለው። ፌርማታው በር ላይ እሱ ይሰፍራል፣ ታክሲ የሚፈልገው የፋብሪካ ሠራተኛ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ይገፋል። መኪና ላለው ሰው ፌርማታ፣ ፌርማታ ለሚፈልገው ሰው ሜዳ! እንዲህ ያለ ቀልድ አይተን እናውቃለን። አዋጁ ጨረታ ብቻ አይደለም የሚለው፣ ያለ ጨረታ ቦታ የሚሰጥበት ምደባም አለው። ምደባውን እስከ ዛሬ ስትጠቀሙበት የኖራችሁት ሩቅ ቦታ ለመስጠት ነው። አሁን ቅርቡን ቦታ ስጡበት። ለማኅበር ቤት፣ ለኮንደሚኒየም፣ በየፈረቃው ለሚገቡና ለሚወጡት ልጆች ኪራይ ቤት።

ከየፋብሪካው በር ሲወጡ አይታችኋል? አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ወጣቶች ናቸው፣ ፈረቃቸው ሲያልቅ መሽቷል። እስቲ ሒሳቡን ሥሩት። 500 ሰው አንድ ላይ ቢወጣ፣ ባጃጅ በሕጉ ሦስት ሦስት ቢጭን፣ 167 ባጃጅ ያስፈልጋል። 60 ሰው በሚይዝ አውቶቡስ ግን ዘጠኝ ይበቃል፣ ዘጠነኛውም ከግማሽ በላይ ባዶ ነው። 167 ባጃጅ በአንድ ሰዓት ከአንድ በር ላይ አይገኝም። ስለዚህ አምስት ስድስት ሆነው ይጫናሉ፣ ወይ በጨለማ በዚያ በአጥሩ ጥግ በእግር ይሄዳሉ። እዚያ አጥር ጥግ መብራት የለም፣ ሱቅ የለም፣ የሚያይ ዓይን የለም። መንገድ ዳር ሱቅ ይሁን የምለው ለዚህም ነው። በድሬ ምሽት ሳምቡሳ የሚጠበስበት ደጅ ካለ ማንም ሰው አይፈራም።

ባጃጆቹን ግን እንዳትነኩብኝ። እኛ የባጃጅ ከተማ ነን፣ ስንቱ ቤት በእሷ ነው የሚያድረው። አውቶቡስ ሲመጣ «ባጃጅ ከዋናው መንገድ ይውጣ» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ የመጀመሪያው ሐሳብ እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው ቀድሜ የምናገረው። ዋናውን መንገድ አውቶቡስና ሚኒባስ ይያዝ፣ ባጃጅ ከፌርማታው ወደ ውስጥ፣ ወደየቤቱ ይመላለስ። ግን ይህም በመሬት ነው የሚወሰነው። ፌርማታው ጋ ለሃያ ባጃጅ የሚበቃ ጥላ ያለው ማቆሚያ ካልተተወ ባጃጁ አስፋልቱ ላይ ይቆማል፣ አውቶቡሱ ከኋላው ጡሩንባ ይነፋል፣ ትራፊክ ፖሊስ ይመጣል፣ ታርጋ ይፈታል። ጥፋቱ የሹፌሩ አልነበረም።

ኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ እኛም ጋ ደርሷል። መብራቱ አምሯል፣ የእግረኛ መንገዱም ሰፍቷል፣ ያማረውን አምሯል እላለሁ። ግን የእግረኛ መንገድ ድሬ ላይ ያለ ጥላ ምጣድ ነው። ዘንባባ ጥላ የለውም፤ ለፎቶ ነው። ለእኛ ኒም ትከሉልን፣ አባቶቻችን የሚያውቁትን ባለ ሰፊ ቅርንጫፉን ዛፍ ትከሉልን። ሌላው ነገር፣ ኮሪደር ማለት የመንገዱ ዳር ብቻ አይምሰላችሁ። ከዳሩ አንድ ብሎክ ገባ ብሎ ማን እንደሚኖር ካልታሰበበት መብራቱ የሚያበራው ለአጥር ነው።

አዲስ አበባ የሆነውን አይታችኋል። ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር በ34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ነበር። በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ያልቃል። ኮዬ ፈጬ የተባለው ትልቁ ኮንደሚኒየም ደግሞ ከዚያ አልፎ ነው የተሠራው። ሁለቱም የተሠሩት ለአንድ ከተማ ሰው ነው፤ ሐዲዱና ቤቱ ግን ሳይተያዩ ቀሩ። ብራዚል ውስጥ ኩሪቲባ የምትባል ከተማ ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር ስትከፍት ረጅም ፎቅ የፈቀደችው በዚያው መስመር ግራና ቀኝ ነው፣ ራቅ ሲል ቤቱ ዝቅ ይላል። ባቡር የሚሠራ ብር አልነበራትም። እኛም የለንም። ባዶ ሜዳ ግን አለን፣ ገና ያልታጠረ።

ስለ ባዶ ሜዳ ካነሳሁ አይቀር፣ ሁሉም ባዶ ቦታ ቦታ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። እዚህ ዝናብ ባይዘንብም ተራራው ላይ ከዘነበ ይመጣል፣ አሸዋው ደርቆ ስታዩት አትመኑት። በአዲሱ መንገድ ዳርም የጎርፍ መሄጃ የሆኑ ሸጦች አሉ። እነሱን ለማንም አትስጡ። አስፋልቱን ከፍ አድርጋችሁ ስትሠሩም ሥሩን በደንብ ክፈቱት፤ መንገድ ግድብ ሲሆን ውሃው ወደ ቤት ነው የሚዞረው።

ብዙ አወራሁ መሰለኝ፣ ልጨርስ። አንድ ግብዣ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ሦስታችሁም መኪናችሁን አቁማችሁ ኑ። ቀፊራ በር ላይ በ7 ሰዓት እንገናኝ፣ ቀትር ላይ ማለቴ ነው፣ ማለዳማ ሁሉም መንገድ ጥሩ ነው። ሚኒባስ እንጠብቃለን፣ እስኪሞላ እንቀመጣለን፣ መልካ ጀብዱ መንገድ ላይ እንወርዳለን፣ ከዚያ በአጥሩ ዞረን እስከ ቤቴ በእግር። ባለቤቴ ያን ቀን ገበያ አትውልም፣ ምሳ አለ። ጃንጥላና ውሃ ያዙ። ካርታውንም ይዛችሁ ኑ፣ እርሳስም።

ከመጋዘኑ አጥር ጀርባ የምኖር ጎረቤታችሁ
ድሬዳዋ